ፍሎራይዱ ከቧንቧ ውኃ ከወጣ በኋላ የልጆቻችንን ጥርስ ማን ይጠብቅ?

በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ ከቤተሰቦች ጋር ስነጋገር «የሕፃን ጥርስ ወላቂ ነው፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚል አባባል አዘውትሬ እሰማለሁ። የአምስት ዓመት ልጇ በማደንዘዣ ተኝቶ ብዙ ጥርሶቹ የታከሙለት አንዲት እናት ግን «ምነው ቀድሞ የነገረኝ ሰው በኖረ!» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከ5000 በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች የቧንቧ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ እንዲጨመር ግዴታ ነበር። የጤና ሚኒስትር የነበሩት ያኤል ጌርማን ሕዝቡን በግድ ፍሎራይድ ማጠጣት አይገባም ብለው በ2013 ደንቡን ስለለወጡ፣ በነሐሴ ወር 2014 ቆመ። በኋላ እንዲመለስ ቢወሰንም ለዓመታት ሳይመለስ ቆይቷል። እንግዲህ ውኃው ሀብታምና ድኻ፣ ዕብራይስጥ የሚያውቅና የማያውቅ ሳይለይ ፍሎራይድ በሚጨመርባቸው ከተሞች ላለ ልጅ ሁሉ ይደርስ ነበር። ውኃው ሲቀር ግን ጥበቃው የሚደርሰው ወላጁ ጠይቆ ለሚያስመጣለት ልጅ ብቻ ሆነ።

ጉዳዩ እኛን በተለይ ይነካናል። ከኢትዮጵያ ስንመጣ መፋቂያ እንጂ ከረሜላና ፔቴል አናውቅም ነበር፤ የተበላ ጥርስም ጥቂት ነበር። በ1999 የተመረመሩ ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖቻችን በ2005 እንደገና ሲታዩ ግን የጥርስ መበላት ጨምሮ ተገኝቷል። ጥርሳችን አልተለወጠም፣ የተለወጠው አመጋገባችን ነው።

ፍሎራይድ የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ያጠነክራል፤ ከስኳር የሚፈጠረው አሲድ ሽፋኑን ሲያሳሳውም መልሶ እንዲጠግን ይረዳል። የተቦረቦረ ጥርስን ግን አይደፍንም። ስለዚህ የሚጠቅመው ከሕመሙ በፊት ነው።

አንዳንዶች «በአገራችን ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ አይደለም ወይ?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ ሆኗል። ይህ የሆነው ግን ልጆች ጥርሳቸው ገና በሚሠራበት ዕድሜ ከልክ ያለፈ ፍሎራይድ ለዓመታት ስለጠጡ ነው። ሐኪም በየጥቂት ወሩ ጥርስ ላይ የሚቀባው ጥቂት ቅባት ከዚያ ጋር አይመሳሰልም። ጨውም ወጡን የሚያጣፍጠው በልኩ ሲሆን ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከ2010 ጀምሮ የልጆች የጥርስ ሕክምና በጤና መድን ሕግ ውስጥ ገብቷል፤ ከ2019 ወዲህም እስከ 18 ዓመት ላሉት ሁሉ ነው። ምርመራ፣ ጽዳትና ፍሎራይድ መቀባት በነፃ ሲሆን፣ ለመሙላትና ለመሳሰለው መጠነኛ ክፍያ አለ። ወደ ኩፓት ሆሊማችሁ ደውላችሁ ለልጃችሁ የጥርስ ቶር ጠይቁ፤ ልጁ እስኪያመው አትጠብቁ። ከጋን ወይም ከትምህርት ቤት ስለ ጥርስ ምርመራ የዕብራይስጥ ወረቀት ሲመጣ ሳታስነብቡ አትጣሉት። ቤት ውስጥም ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጥርሱን አጥቡት፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ የሩዝ ፍሬ፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ጣፋጭ መጠጥ በጡጦ ይዞ አይተኛ።

መንግሥት ፍሎራይዱን ወደ ውኃው ይመልስ ወይስ አይመልስ የሚለው ክርክር ይቀጥል። ልጆቻችን ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባቸውም፤ ሕጉ የሰጣቸው መብት አለ፣ እንጠቀምበት።