በላስታ ዳገት ላይ የመንጃ ፈቃድ ዋጋ ስንት ነው?

በነፃ ገበያ የማንኛውም ዕቃ ዋጋ በአቅርቦትና በፍላጎት ይወሰናል። መንጃ ፈቃድ ግን ዕቃ አይደለም፤ መሆንም አልነበረበትም። መንግሥት «ይህን ሰው የሰው ነፍስ አደራ ልንሰጠው እንችላለን» ብሎ የሚፈርምበት ምስክር ወረቀት ነው። ይሁንና ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ይዘው የተገኙ አሽከርካሪዎች ወሬ በየጊዜው በዜና ሲሰማ ኖሯል። ምስክርነቱ ዋጋ ከወጣለት ደግሞ የሚከስረው ተሳፋሪው ብቻ አይደለም፤ ባለመኪናውም ጭምር ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ሒሳቡን ከባለመኪናው ወገን ለማየት ይሞክራል። ቦታውም ፍሬን የሌለው ስህተት ይቅር የማይባልበት የላስታ ደጋ ነው።

እንደሚታወቀው ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። 11ዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የከተማዋ ገበያ የቆመው በእንግዳ ላይ ነው፤ እንግዳውም በዋነኛነት በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ከከተማዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ የሚወጣው ዳገት ነው። ሁለተኛው ከወልዲያ ወደ ወረታ ከሚዘልቀው ጎዳና ጋሸና ላይ ተገንጥሎ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው መንገድ ነው። ሁለቱም ጠመዝማዛና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። በልደት በዓል ሰሞን ደግሞ በእግሩ የሚጓዘው ምዕመን መንገዱን ከመኪናው ጋር ይጋራል።

ይህ ገበያ በተከታታይ ተመትቷል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ መጣ፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወራት፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የክልሉ ግጭት እንግዳውን አራቀው። ሥራ የፈታ መኪና ደግሞ ባለቤቱን ይበላል። ሰላም ጸንቶ እንግዳው በብዛት ሲመለስ ሚኒባሱም፣ ቅጥቅጡም፣ ላንድክሩዘሩም፣ ባጃጁም ባንድ ጊዜ ሾፌር ይፈልጋሉ። ብርቱው ፈተና ያን ጊዜ ነው። ጥድፊያ ባለበት ፈቃድ ይረክሳልና።

ሕጉ ክፍተት አለበት ለማለት አይቻልም። በ2000 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 600 የተካው የ2010 ዓ.ም. የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074 ፈቃዱን በተሽከርካሪው ዓይነት ከፋፍሎ አስቀምጧል። ሕዝብ የሚያመላልስ አሽከርካሪ የቤት አውቶሞቢል ከሚነዳው የተለየ ብቃት ይጠየቃል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ የሚናገረውና መሪውን የጨበጠው እጅ የሚያውቀው አንድ መሆናቸውን ማረጋገጡ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ይጠቅመናል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ነገር አሳዩ። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ለሁሉም መኪና አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ደህና መኪና ያለው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ በመጨረሻም ገበያው ላይ ብልሹው ብቻ ይቀራል። ምሁሩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

የሾፌር ገበያም ከዚህ አይለይም። ባለመኪናው የሾፌሩን ችሎታ ከውጭ አያየውም፤ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ተፈትኖ ያገኘውም ከፍሎ ያገኘውም እኩል ወረቀት ከያዙ እኩል ደመወዝ ይቀርብላቸዋል። ጎበዙ ሾፌር የተሻለ ወደሚከፈልበት ከተማ ወይም ባሕር ማዶ ይሄዳል። ለላስታ ቁልቁለት የሚቀረው ማን እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

በሌላ በኩል የሚነሳውን ተቃውሞ በንቀት ማለፍ አይገባም። «ፈቃድ ማጥበቅ ውስጥ ያሉትን ጠቅሞ ውጭ ያሉትን መዝጋት ነው» የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ከላስታ ገጠር የሚነሳ ወጣት ለሥልጠናውም ለፈተናውም ከተማ መውረድ፣ እዚያም ቤት ተከራይቶ መክረም አለበት። ለዓመታት ረዳት ሆኖ የሠራ፣ እያንዳንዷን መታጠፊያ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ በትምህርት ደረጃ ምክንያት ሊቀር ይችላል። ነገር ግን የዚህ መፍትሔው ፈተናውን ማቅለል አይደለም፤ ፈተናውን ማቅረብ ነው። ፈታኝ ቡድን በዓመት ጥቂት ጊዜ ወደ ወረዳዎቹ ቢወጣ ወጪው ለመንግሥት ቀላል ነው፤ ለወጣቱ ግን በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

ለመሆኑ ምን ይፈተን? የለንደን ታክሲ ነጂ ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከተማዋ እምብርት ዙሪያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ያሉትን 25,000 ገደማ ጎዳናዎች በቃሉ እንዲያውቅ ይፈተናል፤ ዝግጅቱም ዓመታት ይወስዳል። ላስታ የጎዳና ስም ማጥናት አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት በከባድ ማርሽ ቁልቁለት መውረድ፣ ፍሬን ሳያግሉ መያዝ፣ በጉም መንዳት፣ ምዕመን በሞላበት መንገድ መታገስ ነው። የሜዳ ላይ ፈተና እነዚህን ሊያሳይ አይችልም። ባለመኪኖች በማኅበራቸው በኩል ከልደት በዓል በፊት ጋሸና ደርሶ መልስ የሚሆን የተግባር ምዘና ቢያዘጋጁ አዋጅ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልገው ፈቃደኝነትና ሁለት አንጋፋ ሾፌሮች ናቸው።

ይህም ሆኖ ወረቀቱ ብቻውን አያድንም። ባለመኪናው ሾፌሩን በቁርጥ ዕለታዊ ገቢ ካሰማራው፣ ከቁርጡ በላይ ያለው ሁሉ የሾፌሩ ነው። ትርፍ መጫኑም መብረሩም ለኪሱ ይሆናል፤ የመኪናው እርጅና ግን ለባለቤቱ። እንዲህ ዓይነቱ ውል በብቃት የተፈተነውንም ሾፌር ያበላሻል። ደመወዝ ከጉርሻ ጋር፣ ጉርሻውም ከአደጋ ነፃ ለተሠራ ወር ቢሆን የሁለቱ ጥቅም አንድ ይሆናል።

ሒሳቡን ለሚጠራጠር ባለሀብት ሁለት ነገር እናስታውሰው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ በብር ሲሰላ ሰማይ ወጥቷል። ንብረቱ በተወደደ መጠን የያዘው እጅም መወደድ ነበረበት። ሁለተኛው የመድን ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ለራሱ ለመኪናው የሚገባው ውል ደግሞ በተለምዶ አሽከርካሪው ለተሽከርካሪው የሚመጥን ሕጋዊ ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሐሰተኛ ወረቀት ያለው ሾፌር ገደል ሲገባ አብሮት የሚገባው የካሣ ጥያቄውም ነው። በደመወዝ ጥቂት ብር ያዳነ ባለመኪና የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት ይሆናል።

የአገሪቱም ቁጥር የሚያዝናና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰዎች 26.7 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገምቷል።

ስለዚህ ለየድርሻችሁ። ባለመኪና ሆይ፣ ከመቅጠርህ በፊት ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አጣራ። ሾፌር የምታገናኝ ደላላ ሆይ፣ ኮሚሽንህ ያጣራኸውን ሰው በማቅረብህ ይሁን፤ ስምህም ካፒታልህ ነው። የመድን ድርጅቶች ለተመዘነ ሾፌር ዓረቦን ቀንሱ፤ ከስብከት ይልቅ ቅናሽ ይሰማል። የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮም የፈቃድ ማጣሪያውን ማንም ባለመኪና በስልኩ ሊያየው በሚችልበት መልክ ይክፈተው። መኪናው ቦሎ ለመለጠፍ በየዓመቱ ይመረመራል። መሪውን የሚጨብጠው ሰው ከብረቱ ያነሰ ሊመረመር አይገባም።