ለፍል ውሃ ጉዞ ቴርሞሜትር ይቅደም

ከኩታበር ተራሮች ተነሥተው፣ በደሴና በኮምቦልቻ አድርገው፣ ወደ ቦርከና ሸለቆ ፍል ውሃዎች በእግር ለመውረድ የሚያቅዱ ወጣቶች ስንቅና ብርድ ልብስ አይዘነጉም፤ ቴርሞሜትር ትዝ የሚለው ግን ጥቂቱን ነው። «ፍል» የሚለው ስም የውሃውን ሙቀት አይነግረንም። ጋዝ እየወጣበት የሚንተከተክ ውሃ ለብ ያለ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጸጥ ብሎ የተኛውም ሊያቃጥል ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነችው ደሴ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ቆዳን ክፉኛ ለማቃጠል ግን 60 ዲግሪ በ5 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ዐይን ደግሞ 40ን ከ60 አይለይም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን በገመድ አስሮ ከዳር መለካት፣ ከ40 በላይ ከሆነም አለመግባት የጉዞው የመጀመሪያ ሕግ ሊሆን ይገባል። መለካት በፍል ውሃው ፈውስ ከማመን ጋር አይጋጭም፤ ለመዳን የሄደ ሰው ተቃጥሎ መመለስ የለበትም።