የቀነሰው ወንጀሉ ነው ወይስ አቤት ባዩ?

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ሲጠባ ሰማዩ ዝናቡን፣ መሥሪያ ቤቱ ፐርሰንቱን ማውረድ ይጀምራል። ወረዳው በፐርሰንት፣ ውኃና ፍሳሹ በፐርሰንት፣ ገቢ ሰብሳቢው በፐርሰንት ይናገራል። ፖሊስም ከዚህ ሰልፍ ወደኋላ አይልም። ወንጀል ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል ፐርሰንት ቀንሷል ይባላል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ሻይና ብስኩት ይዞራል፤ ሪፖርቱም ወደ መሳቢያው ይመለሳል። በማግስቱ የጳውሎስ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሞባይሉን የውስጥ ኪሱ ከትቶ፣ ቦርሳውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ታክሲ ይጠብቃል። እውነቱ የማን ነው? የሪፖርቱ ወይስ እጁን ከኪሱ ላይ የማያነሳው ሰው?

ይህን የምናነሳው ፖሊስን ለመዝለፍ አይደለም። በብርድና በዝናብ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ኮንስታብል የኛው ወንድም፣ የኛው እህት ነው። ደመወዙን እናውቃለን፤ የቤት ኪራዩንም እናውቃለን። ጥያቄያችን ለእሱ ሳይሆን ከእሱ በላይ ተቀምጠው ቁጥር ለሚደምሩትና ለሚቀንሱት ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጠይቅ። ወንጀል ቀነሰ ሲባል ከምን ላይ ነው የተቀነሰው?

ጉለሌን፣ ከጉለሌም ጳውሎስን ለምሳሌ እንውሰድ። የጳውሎስ ሆስፒታል በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ለድኃ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ከአራቱም ማዕዘን በሽተኛ ይመጣበታል። አስታማሚው በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ከዕድሩ ለምኖ የያዛትን ገንዘብ በመቀነቱ ቋጥሮ ከአውቶቡስ ይወርዳል። መድኃኒት ቤቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ምግብ ቤቱ፣ አልቤርጎው፣ የታክሲው ግፊያ ሁሉ በአንድ መንገድ ዳር ነው። ከዊንጌት የሚመጣው፣ ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄደው፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቀው ተማሪ እዚያው ይገናኛል። ሌባ ደግሞ ጭንቅ የያዘውንና አገሩን የማያውቀውን ሰው ከሩቅ ይለያል። እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ፖሊስ የቱን ያህል እንደሠራ ማወቅ ለነዋሪው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ታዲያ ሦስት ሰዎች በአንድ ቀን ተዘረፉ እንበል። አንደኛዋ ከገጠር የመጣች አስታማሚ ናት። የመድኃኒት ገንዘቧን ከእጇ መነተፏት። ባሏ አልጋ ላይ ነው፤ ማንም የለውም። ጣቢያ ሄዳ ቃል ልትሰጥ፣ ነገ ተመለሺ ብትባል ልትመለስ፣ ምስክር አምጪ ብትባል ልታመጣ አትችልም። አልቅሳ ዝም ትላለች። ሁለተኛው ሞባይሉንና መታወቂያውን የተቀማ የሰፈሩ ልጅ ነው። ሌባው ይያዛል ብሎ ተስፋ አያደርግም፤ የሚፈልገው ምትክ መታወቂያ ማውጫ የሚሆን ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለዚህ «ተቀማሁ» ብሎ ምርመራ ውስጥ ከመግባት «ጠፋብኝ» ብሎ ደብዳቤውን ይዞ መሄድን ይመርጣል። ሦስተኛው ብቻ ጊዜ አለው፤ ቃሉን ሰጥቶ፣ ፈርሞ፣ መዝገብ ይከፈትለታል።

እንግዲህ በሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ስንት ነው? አንድ! በመንገዱ ላይ የተፈጸመው ግን ሦስት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛውም ሰው ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ቢቀር ሪፖርቱ ወንጀል መቶ ፐርሰንት ጠፋ ሊል ነው። ቁጥሩ የሚለካው የተሰረቀውን ሳይሆን አቤት ያለውን ነው እኮ! የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ጣቢያ ባለጉዳዩን በወግ ተቀብሎ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ ቃሉን በደንብ ቢጽፍ ሕዝቡ ያምነውና ሁሉም ወደሱ ይሄዳል። የዚያ ጣቢያ ቁጥር ይጨምራል። እናም ጥሩ የሠራው ይወቀሳል፣ በሩን የዘጋው ይሸለማል። እንዲህ ያለ ሚዛን ከየትኛው ገበያ ተገዛ?

ይህ እኛ አሁን የፈለሰፍነው ነገር አይደለም። ሌላው ዓለም ካወቀው ቆይቷል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በፖሊስ መዝገብ ብቻ ሳይወሰኑ ቤት ለቤት እየዞሩ «በዚህ ዓመት ምን ደረሰባችሁ? ለፖሊስ ነገራችሁ ወይ? ካልነገራችሁስ ለምን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መዝገቡ የደበቀው ይወጣል።

የኛም ሕግ ቢሆን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 22 ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር እንዲመረምር አዟል። የደረሰው አቤቱታ እንኳ አጠራጣሪ ነው ብሎ ቢያስብ ምርመራውን እንዳይተው ጭምር ነው የተጻፈው። ይህ ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቃል ነው። ባለጉዳይን «በቃ ተወው፣ አይገኝም» ብሎ መሸኘት እንግዲህ ትሕትና ማጣት ብቻ ሳይሆን ሕግ መተላለፍም ነው ማለት ነው።

የአመዘጋገቡም ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በ665፣ ከባድ ስርቆትን በ669፣ ውንብድናን በ670 ለይቶ አስቀምጧል። ጩቤ አሳይቶ መቀማትና ሳያዩት ከኪስ መውሰድ አንድ አይደሉም። ነገር ግን መዝጋቢው በብዕሩ ውንብድናውን ስርቆት ብሎ ቢጽፈው «ከባድ ወንጀል ቀነሰ» ይሆናል። አንድም ጩቤ ሳይነጠቅ፣ አንድም ወንበዴ ሳይያዝ በወረቀት ላይ ሰላም ይሰፍናል!

ፐርሰንት ደግሞ ያለ ሕዝብ ቁጥር አይቆምም። በመላ አገሪቱ ሕዝብ የተቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የጉለሌ ነዋሪ ከ267 ሺህ በላይ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ቀጠሮ ተይዞለት በተደጋጋሚ ተላልፏል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ስንቱ የቆየ ሰፈር ፈርሶ ስንቱ ሰው ወደ ዳር ተወሰደ? ሰው ሲነሳ ገበያው ይነሳል፤ ገበያው ሲነሳ ሌባውም ይከተላል። ከአንድ ሰፈር የተነሳው ወንጀል ወደ ሌላው ተዛውሮ እንደሆነ የከተማው አጠቃላይ ፐርሰንት አይነግረንም። የሚነግረን በየሰፈሩ የተለየ ቁጥር ብቻ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ አንሂድ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር ብስክሌት እየመጡ የሚነጥቁ ሌቦች በዙ ተብሎ በከተማዋ ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ ታገደ፤ የተፈቀደላቸው ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በሞተሩ ዕቃ እያደረሰ ልጆቹን የሚያሳድረውም ከሌባው ጋር አብሮ ታገደ። ይሁን፣ ለሰላም ሲባል ይታገሱት። ግን ከእገዳው በፊትና በኋላ በየሰፈሩ ስንት ንጥቂያ እንደነበረ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለሕዝብ ሲቀርብ አላየንም። ብዙ ሰው እንጀራውን ያጣበት ውሳኔ ጥቅሙ ካልታየ ሌላ ጊዜስ ማን ያምናል?

ሌላው የሪፖርት ጌጥ «በቁጥጥር ሥር ዋለ» የሚለው ነው። ስንት ሰው ታሰረ የሚለው እንደ ውጤት ይቆጠራል። መታሰር ግን ጥፋተኝነት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው ከደረሰው እልቂት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች ከየሰፈሩ ታፍሰው ከ1,100 የሚበልጡት ጦላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ተወሰዱ። «ተሐድሶ» ተባለላቸው። በጥቅምት ያለ ክስ ተለቀቁ። እነዚህ ልጆች በየትኛው አምድ ነው የሚደመሩት? በስኬት ነው ወይስ በጥፋት? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ባለጉዳዩ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያውቀው «የ14 ቀን ቀጠሮ» የሚባለውን ነው። እናቱ ምሳ በሳህን ቋጥራ በየቀኑ ጣቢያ በር ላይ የምትቆምለት ልጅ በነፃ ሲለቀቅ የሱ መታሰርም በዓመቱ አፈጻጸም ውስጥ ይገባል!

ከሁሉ በላይ የሚቆጨን አንድ ነገር አለ። በዚህች ከተማ ነዋሪው ያልተጠየቀው ጥበቃ፣ ያልሰጠው መረጃ የለም። የአራዳ ዘበኛ ዘመን አለፈ፤ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ፖሊስ መጣ። ደርግ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ አለ። ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. ሲገባ የሰላምና መረጋጋት ኮሚቴ አለ፤ ቆይቶ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ፣ ቆይቶ አንድ ለአምስት አለ። አሁን ደግሞ የሰላም ሠራዊት አለ። ስሙ ይለዋወጣል፣ ትእዛዙ አንድ ነው። «ጎረቤትህን ጠብቅ፣ የምታየውን ንገረን!» እሺ፣ ነዋሪው ይንገር። ግን መረጃው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ብቻ ነው የሚወጣው። ነዋሪው ለፖሊስ ሪፖርት ያደርጋል፤ ፖሊስ ለነዋሪው ሪፖርት የሚያደርግበት ቀን ግን መቼ ነው? በአዳራሽ ተመርጠው ለተጠሩ ሰዎች የሚነበብ ፐርሰንት ሒሳብ ማቅረብ አይባልም።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። እያንዳንዱ ጣቢያ፣ የጳውሎስን ሰፈር የሚጠብቀውም ጭምር፣ በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ገጽ ወረቀት በበሩ ላይ ይለጥፍ። አንደኛ፣ ስንት አቤቱታ ቀረበ? ስንቱስ መዝገብ ተከፈተለት? ሁለተኛ፣ በየወንጀሉ ዓይነት ተለይቶ፣ ከአምናው ጋር በቁጥር እንጂ በፐርሰንት ብቻ ሳይሆን ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ስንቱ ለዐቃቤ ሕግ ደረሰ፣ ስንቱ ተፈረደበት፣ ስንቱ በማስረጃ እጥረት ተዘጋ? አራተኛ፣ ከተሰረቀው ንብረት ስንቱ ለባለቤቱ ተመለሰ? አምስተኛ፣ በ991 ለተደወለ ጥሪ ፖሊስ በስንት ደቂቃ ደረሰ? ስድስተኛ፣ ስንት ሰው ታስሮ ያለ ክስ ተለቀቀ? ሰባተኛ፣ በራሱ በፖሊሱ ላይ ስንት አቤቱታ ቀረበ፣ ምንስ ተወሰነ?

ይህ አይቻልም የሚል ካለ ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። እዚያ የወንጀል ቁጥር ከ1,100 በሚበልጡ የፖሊስ ጣቢያዎች እየተለየ ለሕዝብ ይወጣል። በደርባን ያለ ሰው የራሱን ጣቢያ ፈልጎ ማየት ይችላል። ይህን በማድረጓ ወንጀል ጠፋላት ማለታችን አይደለም፤ ወንጀሏ ብዙ ነው። ግን ነዋሪዋ ቁጥሩን ይዞ ይከራከራል፤ ሹሙም «ቀንሷል» ብሎ ለማምለጥ ይቸገራል። ቁጥር ማውጣት ሌባን አይዝም፤ ውሸትን ግን ይይዛል።

የኛም አገር ቢሆን ሕግ አላጣችም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ተብሏል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው አውጇል፤ ሲከለከልም አቤት የሚልበት እንባ ጠባቂ አለ። የመርማሪን ምስጢር ስጡን አላልንም፤ የተጠቂ ስም አውጡ አላልንም። የተደመረ ቁጥር ነው የጠየቅነው። የተደመረ ቁጥር ሲደበቅ ግን ሰው ምን እንደሚያስብ ሹሞቹ ያውቁታል።

አንባቢም የድርሻው አለው። የተቀማህ «ጠፋብኝ» አትበል፤ ተቀማሁ በል። ቃልህ በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠይቅ፤ ከመፈረምህ በፊት አስነብበው፤ የመዝገቡን ቁጥር ይዘህ ውጣ። ለአስታማሚዋ፣ ለእንግዳው፣ አገሩን ለማያውቀው ሰው አብረህ ሂድለት። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። የተዘረፈው ሰው ዝምታ ነው በዓመቱ መጨረሻ ተደምሮ «ሰላም ሰፍኗል» የሚባለው።

በጉለሌም በሌላውም ክፍለ ከተማ ያላችሁ የፖሊስ ሹማምንት! ወንጀል በእርግጥ ቀንሶ ከሆነ ከኛ በላይ የሚደሰት የለም፤ ቁጥሩ ሲወጣ የምትመሰገኑት እናንተ ናችሁ። ካልቀነሰም ይታወቅና አብረን እንምከርበት። ከዚያ ወዲህ ያለው ፐርሰንት ሁሉ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። የተሰረቀው ገንዘብ የሕዝብ ነው፤ የጥበቃው ደመወዝ ከሕዝብ ኪስ ነው፤ ቁጥሩም የሕዝብ ነውና በበሩ ላይ ይለጠፍ!