«ሰክሮ ነው» ተብሎ የተዘጋ ካርድ

ደሴ፦ ራሱን የሳተ ሰው በባጃጅም ሆነ በቃሬዛ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ትንፋሹ አረቄ ከሸተተ ለሕመሙ ስም ለማውጣት የሚቸገር የለም። አጃቢው «ሰክሮ ነው» ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ይኸው ቃል ብቻውን በሕክምና ካርዱ ላይ ሰፍሮ ወደ በሽታ መለያ ኮድ ሲለወጥ ነው።

የጤና ተቋማት ይሠሩበት የነበረው አገር አቀፍ የበሽታዎች ምደባ የተመሠረተው በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛ ዓለም አቀፍ ምደባ ላይ ነበር። በ10ኛው ዓለም አቀፍ ምደባ ስካር አንድ ነገር አይደለም። ለአንድ ቀን ስካር ኤፍ 10.0፣ ጤናን ለጎዳ አጠጣጥ ኤፍ 10.1፣ ለሱስ ደግሞ ኤፍ 10.2 ይሰጣል። የአልኮል መመረዝ ከእነዚህ ተለይቶ በቲ 51 ሥር ይመዘገባል፤ የሜታኖል መመረዝም የራሱ ንዑስ ቁጥር አለው። በሠርግ ላይ አንድ ቀን የሰከረ ወጣት በስህተት ኤፍ 10.2 ቢጻፍበት፣ ካርዱ የሱስ ታማሚ አድርጎት ይቀራል።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ማላታይዮንን የመሰሉ ኦርጋኖፎስፌት ፀረ ተባዮች በቆዳ፣ በትንፋሽ ወይም በአፍ ሲገቡ ሰውን ያንገዳግዳሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ያደናግራሉ። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ስካር ይመስላል። የዐይን ብሌን መጥበብ፣ የምራቅና የላብ መብዛት ግን ወደ መርዙ ይጠቁማሉ፤ ማርከሻውም አትሮፒን ነው። ሲረጭ የዋለ ገበሬ ማታ ጠላ ቀምሶ ከሆነ፣ የጠላው ሽታ መርዙን ይሸፍነዋል። ኮዱ ቲ 60 መሆን ሲገባው ኤፍ 10.0 ከተጻፈ፣ መመረዙ በወረዳው ሪፖርት ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ያልተቆጠረ መመረዝ ደግሞ ለግብርና ባለሙያው ስለ ጓንትና ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ለማስተማር ማስረጃ አይሆነውም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አደጋ የደረሰበት አሽከርካሪም እንዲሁ ነው። ጠጥቶ ቢገኝ እንኳ ዋናው ኮድ የጭንቅላት ጉዳቱ ነው፤ አልኮሉ በተጨማሪነት ይመዘገባል። ለዚህም ምደባው ሁለት መንገድ ያውቃል፦ በደም ምርመራ ለተለካ ዋይ 90፣ መለኪያ በሌለበት ደግሞ በምልክቶች ለተገመተ ዋይ 91። የላቦራቶሪ አለመኖር ሰበብ ሊሆን አይገባም ማለት ነው።

በ10ኛው ምደባ ጫት የራሱ ቁጥር የለውም፤ ካፌይንን ጨምሮ ሌሎች አነቃቂዎችን በያዘው በኤፍ 15 ሥር ነው የሚገባው። በወሎ ቡናና ጫት በአንድ መደብ መዋላቸው ፈገግ ቢያሰኝም፣ የጫትን ጉዳት ለብቻው ለማየት ለሚፈልግ ዕቅድ አውጪ ግን አይመችም።

ጉዳዩ ከገንዘብም ይገናኛል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የደሴ ጎረቤት ተሁለደሬ ነበር። የመድኑ ክፍያ ሲመረመር የተሰጠው መድኃኒት ከተጻፈው ሕመም ጋር ይገናዘባል፤ ካርዱ «ስካር» እያለ ደረሰኙ አትሮፒን ቢል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።

ታማሚ የሚያደርስ ቤተሰብ ከመጠጡ ሌላ ሰውዬው በዕለቱ የረጨውን፣ የወደቀበትን ቦታና የሚወስደውን መድኃኒት ለሐኪሙ ቢናገር፣ የኬሚካሉን ዕቃም ጽሑፉ ሳይቀደድ በላስቲክ ጠቅልሎ ቢያመጣ፣ ሐኪሙ ከአረቄው ሽታ ባሻገር የሚያይበት ምክንያት ያገኛል።