ለቀብር ብቻ አንገናኝ



በሰፈራችን ሰው ሲሞት ቅሬው አያሳፍርም። ድንኳን ይተከላል፣ ቀብር ይወጣል፣ ሐዘንተኛው በቡናና በንፍሮ ይጽናናል። መልካም ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ግን የሟቹ ደጅ በሕይወት ሳሉ ስንት ቀን ሳይንኳኳ ከረመ?

እንደሚታወቀው ጡረታ የሚያገኘው በመንግሥት ወይም በድርጅት ተቀጥሮ የሠራ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ያረሰ አባት፣ በከሚሴ ገበያ ስትቸረችር የኖረች እናት ጡረታቸው ልጃቸው ነው። ከብዙው ቤት ደግሞ ልጅ ዐረብ አገር ሄዷል። ብር ይልካል፤ ይመስገን። ብር ግን ውሃ አይቀዳም፤ ደግፎም ጤና ጣቢያ አያደርስም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን መንግሥት አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። እርጅና ግን አቅም እስኪገኝ አይጠብቅም።

ስንጣላ ሽማግሌ ፍለጋ እንሮጣለን፤ ሲጨንቀን «ዱዓ አድርጉልን» እንላለን። ታዲያ እነሱ ሲቸገሩስ? ምርቃታቸውን ተቀብሎ ደጃቸውን መርሳት ነውር ነው እኮ!

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ለማኅበሩ ይነገሩ። ጎረቤት ተራ ገብቶ በቀን አንዴ በራቸውን ያንኳኳ፣ ውሃ ይቅዳላቸው፣ የታመመ ካለም ቶሎ ያስታውቅ። መዋጮ አልጠየቅንም፤ የጠየቅነው እግራችሁን ነው።

ዕድሜ ከሰጠን ነገ በር ዘግተን የምንጠብቀው እኛው ነን።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት