አማናን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አንጫን



ዛሬ የምናነሳው ኮድ የምትጽፉትንና ለመማር ያሰባችሁትን ይመለከታል። ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ብዙዎቹንም የሚሠሯቸው ያለ ደመወዝ የሚለፉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ታዲያ አንድ ሰው የጻፈው ኮድ ከዋናው ሥራ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ማን አይቶ ያጽድቀው?

የኛ አቋም ግልጽ ነው፦ ከጸሐፊው ሌላ ሰው ሳያየው አይግባ። ጸሐፊው የፕሮጀክቱ መሥራች ቢሆንም!

ኤክስ ዚ የተባለውን ፋይል መጭመቂያ እንመልከት። በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ውስጥ ያለ ሲሆን ለዓመታት በዋናነት የሚንከባከበው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች «ሥራው ዘገየ፣ ረዳት ጨምር» እያሉ ወተወቱት። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ «ረዳት» ቀስ በቀስ ታመነና ሥልጣን ተሰጠው። በ2024 በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቅጂዎች ውስጥ ድብቅ በር አስገባ። የተደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ሲመረምር ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በሰፊው ሳይሰራጭ ተያዘ። የተንኮሉ አንድ ክፍል ግን በይፋ በሚታየው ኮድ ላይ አልነበረም፤ ለተጠቃሚ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ኮዱን ብቻ ሳይሆን የሚለቀቀውንም ማየት አለበት።

«ወንድሜን እንዴት እጠራጠራለሁ?» የሚል ይኖራል። በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ብድር እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም ታዘናል። ይህ ተበዳሪውን ሌባ ማለት ነውን? በፍጹም! ሰው ይረሳል፣ ይሳሳታል፤ ምስክር ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። የኮድ ማጽደቅም እንዲሁ ነው።

አንድ ተመልካችም ሊያመልጠው ይችላል። በ2014 ይፋ የሆነው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ቀዳዳ፣ ሃርትብሊድ፣ ሌላ ሰው አይቶ ያሳለፈው ኮድ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በላይም ሳይታወቅ ቆየ። ዛሬ ፕሮጀክቱ ከጸሐፊው ውጪ የሁለት ሰዎችን ይሁንታ ይጠይቃል።

«የሚያይ ሰው ከሌለስ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ሕጉ ብቻውን ሰው አይወልድም። የላኩት ሥራ ለወራት መልስ ሲያጣ በጎ ፈቃደኞች ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሕጉ እንደ ጉዳቱ ይመዘን፦ የፊደል ግድፈት ለማረም አንድ ሰው ይበቃል፤ የይለፍ ቃልን ለሚነካ ግን ሁለት። የቁርኣን አፕ ብንሠራ የአያውን ጽሑፍ የሚነካ ለውጥ ሐፊዝ ሳያየው ሊለቀቅ አይገባም፤ አንዲት ሐረካ ትርጉም ትቀይራለችና።

ሁላችንም ጸሐፊ መሆን እንወዳለን፤ ስሙ እዚያ ነውና። የሌላውን ኮድ መስመር በመስመር አንብቦ «ይህቺ ልክ አይደለችም» ማለት ግን ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው። ኢኽላስ የሚፈተነውም እዚህ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጥተን ለደከመ ወንድማችን ሁለተኛ ዓይን እንሁነው።

አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን!