ማወፈር ማጉላት አይደለም

በሀገራችን ጽሕፈት ቤቶች ማንም የማይጠይቀው አንድ ሕግ አለ፤ ርእስ ከሆነ ይወፍራል። ማስታወቂያው ተጽፎ ሲያበቃ «ርእሱን ቦልድ አድርጊው» ይባላል፤ ጸሐፊዋ አንዲት ቁልፍ ትጫናለች፤ ነገሩ አለቀ። እኔ በድባጤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ውሎዬ ከቅጽ፣ ከደብዳቤና ከማስታወቂያ ጋር ነው። ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። በሁለቱም ወገን ቆሜ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ቁልፍ ፊደላችንን አጎላሁት እያለች ትደፍነዋለች።

ምክንያቴን ላስረዳ። አንድ ፎንት ወፍራም መልክ እንዲኖረው ከተፈለገ፣ ወፍራሙ ራሱን ችሎ እንደገና መሣል አለበት። በብዙ ቢሮዎች የምናውቀው ኒያላ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ሲመጣ አንድ ውፍረት ብቻ ይዞ ነው የመጣው፤ ወፍራም ወንድም የለውም። ስለዚህ ቁልፏ ስትጫን ኮምፒውተሩ የተሣለ ወፍራም ፊደል ስለማያገኝ፣ ያለውን ቀጭን ፊደል ዙሪያውን ቀለም ቀብቶ ያሳብጠዋል። ያበጠ ሁሉ ወፈረ ይባላልን?

የእኛ ፊደል ደግሞ ይህን ግፍ አይችልም። የሚነበበው በጥቁሩ ብቻ አይደለምና፤ ውስጡ የሚቀረው ነጭም ይነበባል። ዐ ቀለበት ናት፤ ፀ መካከሏ ላይ ሰረዝ ያለባት ቀለበት ናት። ውስጣቸው ሲደፈን ሁለቱም አንድ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። ኃምሱ ይብሳል፤ ቤን ከቢ፣ ሴን ከሲ የምትለየው ከእግር ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ቀለበቷ በቀለም ስትሞላ ከሣልሱ ሰረዝ ጋር ትመሳሰላለች።

«ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳዋለን» የሚል አይጠፋም። «ቤት» የሚለውን ቃል አዎ፤ የሰውን ስም ግን ከምን ይረዱታል? በድባጤ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው፣ አገውና አማራው አብሮ ይኖራል። የስም ዝርዝር ሲለጠፍ የጎረቤቱን ቋንቋ የማያውቅ አንባቢ ስሙን በግምት ሊሞላው አይችልም፤ ፊደሉ የሰጠውን ነው የሚያነበው። በእኔ ሙያ ደግሞ አንዲት ፊደል የተዛነፈ ስም ከመታወቂያው ጋር አልገጥም ሲል ባለጉዳዩ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። በዚያ ላይ ወረቀቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ፎቶ ኮፒ ከተደረገ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ከማስታወቂያው ፊት ቆሞ «ምን ይላል?» ብሎ ሌላውን ይጠይቃል። ፊደል የቆጠረን ሰው እንዳልቆጠረ ማድረግ ከዚህ ሌላ ምን አለ?

ለመሆኑ አባቶቻችን ማጉላት አያውቁም ነበር? በሚገባ ያውቁ ነበር እንጂ! በብራና ላይ ከፍ ማለት የሚገባውን ስምና መነሻ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። በጎንደር ዘመን በተጻፉት ታላላቅ መጻሕፍት ላይ የምናየው ጽሕፈት ደግሞ ስሙ ራሱ «ጉልህ» ነው። በዚያ ጽሕፈት መስመሩ ሲወፍር ፊደሉም አብሮ ይሰፋል፤ የውስጡ ነጭ አይታፈንም። ፈረንጆቹ ሰሪፍ የሚሉት፣ ከመስመሩ ጫፍ ላይ የሚቀረው ትንሽ እግርም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የመቃ ብዕር ሲያርፍና ሲነሣ የሚተወው አሻራ ነው።

በፈረንጆቹም ዘንድ ቢሆን ማወፈር የቁልፍ ሥራ ሆኖ አልተጀመረም። ክላረንደን የተባለው ስመ ጥር ወፍራም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1845 በለንደን ሲወጣ፣ ከቀጭኑ ጽሑፍ ጎን እንዲቆም ታስቦ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ተቀርጾ ነበር። በእርሳስ ፊደል ዘመን በእኛም ማተሚያ ቤቶች ወፍራም ርእስ የፈለገ ሰው ወፍራም ሆኖ የተቀረጸ ፊደል ያስፈልገው ነበር።

ላቲን ርእሱን በትልልቅ ፊደላት ሊጽፍ፣ ቃሉን አጋድሞ ሊለይ ይችላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ወገን የለውም። ስለዚህ ለእኛ ውፍረት ከጌጥ በላይ ነው፤ ከመጠንና ከቀለም ቀጥሎ ያለን ዋና የማጉያ መንገድ ነው። ያለችንን አንዲት መንገድ በእብጠት እንዝጋትን?

«ገንዘብ ይጠይቃል» የሚለው ሰበብም ዛሬ አይሠራም። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ ያለ ክፍያ የሚወርድ ፎንት ነው፤ ከቀጭኑ እስከ እጅግ ወፍራሙ ድረስ ብዙ ደረጃ አለው፤ ወፍራሙም ወፍራም ሆኖ የተሠራ ነው። የሚጠይቀው አምስት ደቂቃና ጥቂት አክብሮት ነው።

ነቀፌታዬ ለጽሕፈት ቤት ብቻ እንዳይመስል፣ እኛን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችንም ይመለከታል። ገጣሚው ለአንዲት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ይሟገትና የመድበሉን ስም ሽፋኑ ላይ በተደፈነ ፊደል ያስወጣዋል። ሌላው ደግሞ ግጥሙን ከመነሻው እስከ መድረሻው አወፍሮ ያትማል። ወፍራም ፊደል የርእስ፣ የሽፋንና የታፔላ ነው፤ ከሩቅ ለመጥራት ነው የተሠራው። ገጹ ሁሉ ከጮኸ የትኛውን ስንኝ እንስማ?

መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንዲሉ፣ የተደፈነውን ፊደል «ደማቅ» እያልን መደገፍ ይብቃን። ደማቅ ማለት ከሩቅ የሚነበብ ማለት ነው። ማስታወቂያ የምታስለጥፉ፣ መጽሐፍ የምታሳትሙ ወገኖቼ ሆይ፣ ቁልፏን ከመጫናችሁ በፊት ወፍራም ሆኖ የተሣለውን ፊደል ምረጡ። እርሱ ከሌለ ቀጭኑን በመጠን አሳድጉት፤ ወይም እንደ አባቶቻችን ቀይ ቀለም ስጡት።